አፍ ሲደርቅና ምላስ ሲለበልብ፦ ሁለቱን ለይቶ ለማወቅና ለማከም

በኅዳር ወር፣ ውርጩ ሜዳውን ነጭ አልብሶት ባደረበት አንድ ጠዋት፣ ከመንዝ በኩል የመጡ በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ እናት ደብረ ብርሃን በነርስነት ከምሠራበት ክፍል ገብተው «ልጄ፣ ምላሴ በርበሬ እንደተነሰነሰበት ይለበልበኛል፤ የሚያዩኝ ሁሉ ግን ምንም የለብዎትም ይሉኛል» አሉኝ። ምላሳቸውን ለመጫን እንጨቱን ሳስገባ ከጉንጫቸው ውስጥ ተጣብቆ ቀረ፤ ቀስ ብዬ ስስበው ሥጋው አብሮት ተሳበ። በጤነኛ አፍ ውስጥ እንጨቱ ይንሸራተታል እንጂ አይጣበቅም። እኚህ እናት ሕመሙ የጨጓራ ነው ተብለው ለወራት መድኃኒት ሲውጡ ቆይተዋል፤ አፋቸው ውስጥ ምራቅ መኖር አለመኖሩን ግን አንድም ሰው አላየላቸውም ነበር።

የያዙትን ፌስታል ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፉት አራት ዓይነት መድኃኒት ወጣ፦ ለደም ግፊት የታዘዘላቸው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለእንቅልፍና ለራስ ምታት የሚወስዱት አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋን ብለው ራሳቸው የገዙት ክሎርፌኒራሚን እና ለጨጓራ የሚውጡት ኦሜፕራዞል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አፍ የሚያደርቁ ናቸው። አራተኛው ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን ቫይታሚን ቢ12 ሊቀንስ ይችላል፤ የዚህ ቫይታሚን እጥረት ደግሞ ምላስን ያቃጥላል። ለማቃጠሉ የተሰጠው መድኃኒት ራሱ ማቃጠሉን ሊያባብስ እንደሚችል ያን ቀን በዓይኔ አየሁ፤ ይህን መመሪያ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

አፍ መድረቅና አፍ ማቃጠል በሰው አንደበት አብረው ስለሚነሡ እንደ አንድ ሕመም ይቆጠራሉ። አንድ አይደሉም። አፍ መድረቅ የምራቅ ጉዳይ ነው፤ ምራቁ በመጠን ሲያንስ ወይም ወፍሮ ሲለጠጥ የሚመጣ ነው። አፍ ማቃጠል ግን የሕመም ስሜት ነው፤ ከአፍ ቆዳ መጎዳት፣ ከደም ውስጥ ከጎደለ ነገር ወይም ከነርቮቹ ከራሳቸው ሊነሣ ይችላል። ምራቁ ሞልቶ እያለ ምላሱ የሚለበልበው ሰው አለ፤ አፉ ኩበት እስኪመስል ደርቆ ምንም የማያቃጥለው ሰውም አለ፤ እንደ እኚህ እናት ሁለቱ ተጣምረው የሚመጡበትም አለ። ስለዚህ ማንኛውም ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «በእርግጥ ምራቄ ቀንሷል ወይ?» የሚለው ነው።

ምራቅን በቤት መለካት

ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። አብዛኛው የሚመነጨው ከሦስት ጥንድ ዕጢዎች ማለትም ከጆሮ ፊት ለፊት፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር ከሚገኙት ነው። ምራቅ ምግብ ከማርጠብ ያለፈ ሥራ አለው፤ ጥርስን የሚበላውን አሲድ ያረክሳል፣ ለጥርስ ካልሲየም ይመልሳል፣ ፈንገስ እንዳይራባ ይከላከላል። ሌሊት ስንተኛ ከወትሮው እጅግ ስለሚቀንስ ጠዋት ብቻ የሚሰማ ድርቀት ብዙ አያስጨንቅም።

ለመጀመሪያ ፍንጭ ቆሎ ይበቃል። የገብስ ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ ያለ ውሃ አላምጦ መዋጥ ያቃተው፣ ሲናገር ምላሱ ከላንቃው የሚጣበቅበት፣ ውሃ ፍለጋ ሌሊት የሚነሣ ሰው ምራቁ የቀነሰ ሊሆን ይችላል። በቁጥር ለማረጋገጥ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በጾም ሰዓት ሳይሆን ውሃ በደንብ በተጠጣበት ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳይበሉ፣ ሳይጠጡና ጥርስ ሳይፍቁ ቆይቶ መለካት ይቻላል። ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገትን ወደ ፊት ዘንበል ማድረግ፣ ሳያላምጡና ምራቅን በኃይል ሳይስቡ አፍ ውስጥ የተጠራቀመውን ለ15 ደቂቃ ንጹሕ ሲኒ ውስጥ መትፋት፣ ከዚያም አረፋው እስኪረግብ ጠብቆ ከፋርማሲ በተገዛ፣ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ስቦ መጠኑን ማንበብ ነው። በደቂቃ ከ0.1 ሚሊ ሊትር በታች፣ ማለትም በ15 ደቂቃ ከ1.5 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ የምራቅ ማነስ መኖሩን ያሳያል። መጠኑ ከዚህ በጣም በልጦ፣ ምራቁም ሳይወፍር አፉ እንደደረቀ የሚሰማው ሰው ብዙውን ጊዜ ድርቀቱ በስሜቱ ላይ እንጂ በምራቁ ላይ አይደለም፤ ይህ ዓይነቱ ስሜት አፍ በሚያቃጥላቸው ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው።

ቀጥሎ አፍን መመልከት ነው። ከበር አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ በመስታወት ፊት ሆኖ ምላስን በንጹሕ ጨርቅ ይዞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር፤ የምላስን ጎንና ጎን፣ ሥሩን፣ ጉንጭን፣ ድድንና ላንቃን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ነጭ ሽፋን ካለ በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ማየት ነው። ተጠርጎ ከሥሩ ቀይ ቆዳ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው። የማይጠረግ ነጭ ወይም ቀይ ቦታ ግን በቤት የሚታከም አይደለም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ምላሱ ልሙጥ ሆኖ፣ ቀልቶ የሚያብረቀርቅ ከሆነ የብረት ወይም የቢ12 እጥረት ይጠረጠራል።

መንስኤውን ከፌስታሉ መጀመር

አፍ ከሚያደርቁ ነገሮች ሁሉ በብዛት የሚገኘው መድኃኒት ነው፤ የመድኃኒቱ ዓይነት በበዛ ቁጥርም ድርቀቱ ይብሳል። ከላይ ከተጠቀሱት ሌላ ሽንት የሚያበዛው ፉሮሴማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ክሎርፕሮማዚን፣ ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል በዚሁ ይታወቃሉ። የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው ኢናላፕሪል ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የምላስ ማቃጠልና የጣዕም መለወጥ ያመጣል። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከጎረቤት የተገኘውንና የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ሰብስቦ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ማሳየት ከብዙ ምርመራ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ፦ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአእምሮ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት «አፌን አደረቀኝ» ተብሎ በራስ ውሳኔ አይቋረጥም፤ ጠበል ለመጠመቅም ቢሆን። መጠኑ ይቀነስ፣ ሰዓቱ ይለወጥ ወይም በሌላ ይተካ እንደሆነ የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው።

ስኳር ሁለተኛው ሊታሰብ የሚገባው ምክንያት ነው። አፍ መድረቁ ከብዙ ጥማት፣ ከብዙ ሽንትና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ለ8 ሰዓት ምንም ሳይበሉ አድሮ ደም መመርመር ያስፈልጋል፤ ውጤቱ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ነው። ዓይንም አብሮ ከደረቀና አሸዋ የገባበት ያህል ከቆረቆረ፣ መገጣጠሚያም ካመመ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን የምራቅና የእንባ ዕጢዎች የሚያጠቃበት የሾግረን ሕመም ሊሆን ይችላል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1933 ሕመሙን በሰፊው ከገለጸው ስዊድናዊ የዓይን ሐኪም የተወሰደ ነው። የኤችአይቪ ሕመምና በራስ ወይም በአንገት ላይ የተሰጠ የጨረር ሕክምናም የምራቅ ዕጢን ይጎዳሉ።

ከአገራችን አየር ጋር የሚያያዘውም ቀላል አይደለም። ከጥቅምት እስከ ጥር የደጋው አየር ብርዳማና ደረቅ ነው፤ አፍንጫው የታፈነ ሰው ሌሊቱን በአፉ ሲተነፍስ አድሮ ጉሮሮው ተሰንጥቆ ይነሣል። የኩበት ጭስ በሞላበት ማድ ቤት የምትውል ሴትም እንዲሁ። የጭስ መውጫ ማበጀት፣ አፍንጫን ማስመርመር፣ በመኝታ ክፍል ሰፋ ባለ ዕቃ ውሃ ማስቀመጥ ይረዳል። ለሙቀት ተብሎ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍል ዘግቶ መተኛት ግን ሰው ይገድላልና ፈጽሞ አይደረግም። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለው ቆላ ደግሞ ነገሩ የላብና የውሃ ማነስ ይሆናል። ጫት፣ ሲጋራና አረቄ በደጋም በቆላም አፍ ያደርቃሉ።

የደረቀን አፍ መንከባከብ

ውሃ በብዛት አንድ ጊዜ ከመጠጣት ይልቅ ጥቂት በጥቂት እየጎነጩ አፍ ውስጥ ማዞር ይሻላል፤ ትንሽ የውሃ ኮዳ ከእጅ አይለይ። ወጡ ቀጠን፣ እንጀራው ረጠብ እንዲል ማድረግ፣ በሶውን ከመጨበጥ ይልቅ በጥብጦ መጠጣት መዋጥን ያቀላል። ስኳር የሌለበት ማስቲካ፣ በተለይ ዛይሊቶል የተባለው ጥርስ የማይጎዳ ማጣፈጫ ያለበት፣ ዕጢዎቹ ጨርሰው ካልደከሙ ምራቅ ይጠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አፉን ለማርጠብ ሲል ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ ሻይ፣ ከረሜላ ወይም ለስላሳ ይወስዳል፤ ወይም ሎሚ ይመጥጣል። ምራቅ በሌለበት አፍ ውስጥ ስኳሩም አሲዱም የሚያጥበው ስለማያገኝ ጥርስ ከድድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይቦረቦራል፤ በዓመት ውስጥ ጥርሳቸው እንዳለ የተበላ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ስለዚህ አፉ የደረቀ ሰው ጥርሱን በቀን ሁለት ጊዜ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ አለበት፤ መጠኑ በሳሙናው ቱቦ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከቦረሸ በኋላ አረፋውን ይትፋ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጥ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ መቆየት አለበትና። ማታ ከቦረሸ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አይቅመስ። የወይራ መፋቂያ የለመደ ሰው አይተወው፤ ነገር ግን መፋቂያው ፍሎራይድ ስለሌለው ሳሙናውን አይተካም። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ ይቅር። በምትኩ በአንድ ሊትር ለብ ያለ የፈላ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም) በጥብጦ በቀን ጥቂት ጊዜ ተጉመጥምጦ መትፋት የወፈረውን ምራቅ ያቀጥናል። የተሰነጠቀ ከንፈር ቫዝሊን ይቀባ።

በእኛ አገር በየቤቱ ያለ፣ ግን ለዚህ የማይታሰብ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ተልባ ነው። የተልባ ፍሬ ልጋግ ከምራቅ ጋር ስለሚቀራረብ በውጭ አገር ሰው ሠራሽ ምራቅ ሆኖ ከመድኃኒት ቤት ይሸጣል። በቤት ለማዘጋጀት ያልተቆላና ያልተወቀጠ ተልባ ለቅሞና አጥቦ አንድ የሾርባ ማንኪያ በግማሽ ሊትር ውሃ ለ10 ደቂቃ በቀስታ ማፍላት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ስለዚህ ሦስት አራት ደቂቃ መጨመር አይከፋም። እንደወረደ፣ ገና ትኩስ እያለ፣ በስስ ጨርቅ ይጠለል፤ ከቀዘቀዘ ይወፍርና በጨርቁ አልወርድ ይላል። በጣት ሲነኩት እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ክፍል የሚዝለገለግ ከሆነ ደርሷል። ከምግብ በፊትና ከመኝታ በፊት አንድ ጉንጭ ይዞ ለአንድ ደቂቃ አፍ ውስጥ ማዞር፣ ከዚያ መትፋት ወይም መዋጥ ይቻላል። በየቀኑ አዲስ ይሠራ፤ ያደረው ይደፋ። እኚያ የመንዝ እናት ከሁሉም የወደዱት ይህንኑ ነው።

ዕጢው የተወሰነ ሥራ እየሠራ ምራቁ ላነሰበት ሰው ሐኪም ፓይሎካርፒን የተባለ እንክብል፣ በተለመደው መጠን 5 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሊያዝ ይችላል። አስም ወይም አንዳንድ ዓይነት ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ላለበት ሰው አይሆንም። በዚህ ስም የሚሸጠው የዓይን ጠብታ ለዓይን ብቻ ነውና በራስ ግምት አይዋጥም።

ለሚለበልብ ምላስ

ማቃጠሉን ለማከም መጀመሪያ ሊገኝ የሚችል ምክንያት ሁሉ መፈለግ አለበት። ፈንገስ ከሆነ ኒስታቲን ፈሳሽ ወይም ማይኮናዞል ጄል ይታዘዛል፤ ማይኮናዞል ግን ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ማታ ከአፍ ወጥቶ ይታጠብ፤ ለአስም የሚሳብ ስቴሮይድ የሚጠቀምም ከሳበ በኋላ አፉን ይጉመጥመጥ።

የደም ማነስ፣ የብረት፣ ፎሌት የተባለው ቫይታሚንና የቢ12 እጥረት በደም ምርመራ ይታወቃል። ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ እንጂ ከአትክልትና ከጥራጥሬ አይገኝም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ የሌሎቹ አጽዋማትና የረቡዕና የዓርብ ጾም ሲታከሉበት፣ በተለይ በፍስኩም ቢሆን ሥጋና ወተት በማይበዛበት ቤት፣ ጉድለቱ ለዓመታት ቀስ እያለ ይጠራቀማል። ጉበት ቫይታሚኑን ለዓመታት ስለሚያከማች ምልክቱ ዘግይቶ ይታያል፤ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎችም ለዚሁ እጥረት ይጋለጣሉ። ጾም ይሻር ማለቴ አይደለም። እጥረቱ ከተረጋገጠ መርፌውን ወይም እንክብሉን መውሰድ፣ የታመመም ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር መመካከር ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን የምታደርገው ማቅለል የታወቀ ነው። የብረት እንክብል የታዘዘለት ሰው ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቆ ይዋጠው፤ አለዚያ ብረቱ ወደ ደም በሚገባ አይገባም።

አንዳንድ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ተመርምሮ ምንም አይገኝም። ማቃጠሉ በየቀኑ ከሁለት ሰዓት በላይ እየቆየ ከሦስት ወር ካለፈ፣ አፉም ሲታይ ጤነኛ ከሆነ፣ የነርቮች የራሳቸው ሕመም የሆነው የአፍ ማቃጠል ነው። ይበልጥ የሚታየው ባረጡ ሴቶች ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ከምላስ ጫፍ ይጀምራል፣ ወደ ከንፈርና ወደ ላንቃ ይሄዳል፤ ጠዋት ቀለል ብሎ እየመሸ ሲሄድ ይጠነክራል፤ ሲበሉ ወይም ሲጠጡ ጋብ ይላል። ይህ የሰውየው ፈጠራ አይደለም፤ ሕመም የሚያስተላልፉት ነርቮች ሥራቸውን በትክክል ባለመሥራታቸው የሚመጣ እውነተኛ ሕመም ነው። ካንሰር አይደለም፤ አይተላለፍም። ይህን በግልጽ ለሕመምተኛው መንገር ራሱ የሕክምናው አካል ነው፤ «ምንም የለብዎትም» ተብሎ የተሸኘ ሰው ሌሊቱን ካንሰር እያሰበ ያድራልና።

ቤት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት በርበሬና ሚጥሚጣ መቀነስ፣ ሻዩንና ቡናውን ትኩሱን ሳይሆን በረድ ሲል መጠጣት፣ ቀረፋ ያለበትንና ኃይለኛ ሚንት ያለውን የጥርስ ሳሙና በለዘበ መለወጥ፣ ሲያቃጥል ቀዝቃዛ ውሃ አፍ ውስጥ መያዝ ያስታግሳል። አረቄ አፍ ውስጥ መያዝ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ጤና አዳም ማኘክ ግን የተጎዳውን ቆዳ ይበልጥ ይለበልበዋልና ይቅር። ይህ ካልበቃ ሐኪም ክሎናዜፓም የተባለውን እንክብል አፍ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አሟሙቶ እንዲተፋ ሊያዝ ይችላል። መድኃኒቱ እንቅልፍ የሚያመጣና ልማድ የሚሆን ስለሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም፤ ከአረቄና ከጠላ ጋርም አይደባለቅም። ለነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን የሚታዘዝበት ጊዜም አለ፤ አፉ የደረቀ ሰው ግን ድርቀቱን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።

ስለ መሻሻሉ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። የእኚያ እናት የጉንፋን መድኃኒት ቀረ፤ አሚትሪፕቲሊኑን ሐኪሙ ቀስ በቀስ አስቆማቸው፤ ቢ12 ዝቅ ብሎ ስለተገኘ መርፌ ጀመሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲመጡ እንጨቱ በጉንጫቸው ላይ ተንሸራተተ። የምላሳቸው ጫፍ ግን አሁንም ማታ ማታ ይለበልባቸዋል፤ ከበፊቱ ያነሰ ነው፤ እንቅልፍም አይነሣቸውም።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያለበት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ የማይጠረግ ነጭ ወይም ቀይ ቦታ፣ በአፍ ወይም በአንገት ላይ እብጠት፣ የመዋጥ ችግር ወይም የምላስ አንድ ወገን መደንዘዝ ያለበት ሰው ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ተከትሎ አፍ ከደረቀና ዓይን ከጎደጎደ ወዲያውኑ ኦአርኤስ እየጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ሕፃን ከሆነ አንድ ሌሊት እንኳ አይጠበቅም። ሌሎቻችሁ ቀጠሮ ስትይዙ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ሂዱ፦ ሕመሙ የጀመረበትን ወር፣ በቀን ውስጥ የሚብስበትን ሰዓት፣ በ15 ደቂቃ የለካችሁትን የምራቅ መጠን። የመድኃኒቱን ፌስታልም ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶ ማሸጊያዎቹንም ጭምር።